በመኪና ቤት ስምንት ወር ለሚጓዝ ቤተሰብ፦ ስለ ልብስ እጥበት የቀረበ ጥያቄና ምላሹ

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው። ሐዋሳ የሚኖሩ ባልና ሚስት አንድ አሮጌ ቅጥቅጥ አይሱዙ ገዝተው፣ ወንበሮቹን አስነቅለው፣ አልጋ፣ ምድጃና 200 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አስገጥመውበታል። የሁለት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ከጥቅምት እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ በአርባ ምንጭ፣ በኮንሶ፣ በጂንካና በቦረና ሊዞሩ አስበዋል። «ጣሪያው ላይ ሶላር ስላለን ትንሽ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እናስገባ ወይስ በእጃችን እንጠብ? በእጅ ከሆነስ ያለን ውሃ እንዴት ይበቃናል? ዝናብ ሲሆንስ የት እናሰጣለን?» ይላሉ።

ውድ ጠያቂዎች፣ እኔ እዚሁ ሐዋሳ በሆቴል ላውንደሪ ክፍል ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሁ ሴት ነኝ። የእኔ ሥራ ውሃውም መብራቱም ባለበት ቦታ ማጠብ ነው፤ ውሃ በሌለበት ማጠብን ያስተማረኝ ግን በሞያሌ መስመር ለዓመታት ከባድ መኪና የነዳው ታላቅ ወንድሜ ነው። ሦስት ጊዜ አብሬው ተጉዣለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፍላችሁ በላውንደሪ የተማርኩትንና በእርሱ ጋቢና ውስጥ ያየሁትን አንድ ላይ አድርጌ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ማሽኑ። አታስገቡት። ውሃ የሚያሞቅ ማሽን በሚያሞቅበት ሰዓት 2000 ዋት ገደማ ይስባል፤ ይህ ኃይል ከ12 ቮልት ባትሪ ሲወሰድ ከ160 አምፔር በላይ ስለሚሆን፣ ለመብራትና ለስልክ ተብሎ የተገጠመ ባትሪና ኢንቨርተር አይችለውም። ውሃ የማያሞቁት ባለ ሁለት ገንዳ ትናንሽ ማሽኖች መብራት ብዙ አይፈልጉም፤ ነገር ግን ውሃ የሚወስዱት እንደ ልባቸው ነው፣ ማለቅለቁንም በተከፈተ ቧንቧ ሥር የለመዱ ናቸው። ከዚያም ሌላ በኮረኮንች መንገድ ላይ ቀንና ሌሊት የሚንቀጠቀጥ ማሽን፣ ከበሮውን የያዘው ሞላ ቶሎ ይበላሻል። ለዕቃ የመደባችሁት ገንዘብ ካለ ለአንድ ነገር ብቻ አውሉት፤ ይኸውም ልብስ አሽከርክሮ ውሃውን የሚያወጣ፣ ማጠቢያ የሌለው ትንሽ መጭመቂያ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚሠራ ባትሪውን አይጎዳም፤ ለምን ከማጠቢያው ይልቅ መጭመቂያውን እንደመረጥኩም አሁን አስረዳለሁ፤ የጥያቄያችሁ ቁልፍ እርሱ ነውና።

ብዙ ሰው ውሃውን የሚጨርሰው እጥበቱ ይመስለዋል። የሚጨርሰው ግን ማለቅለቁ ነው፤ ማለቅለቁ ውሃ የሚፈጀውም ልብሱ ሳይጨመቅ ስለሚገባ ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ የጥጥ ልብስ ከዝፍዝፉ ሳይጨመቅ ሲወጣ ሦስት ሊትር ያህል የሳሙና ውሃ ይዞ ይወጣል፤ ሁለት ሰው ዳርና ዳር ይዞ አጥብቆ ሲጠመዝዘው ግን አንድ ሊትር ያህል ብቻ ይቀርበታል። እንግዲህ ሦስት ኪሎ ልብስ አጥባችሁ ጨምቃችኋል እንበል። በልብሱ ውስጥ 3 ሊትር የሳሙና ውሃ አለ። 6 ሊትር ንጹሕ ውሃ ስትጨምሩበት ጠቅላላው 9 ሊትር ይሆንና ሳሙናው ወደ ሲሶ ይቀጥናል። እንደገና ጨምቃችሁ ሌላ 6 ሊትር ስትጨምሩ የሲሶው ሲሶ፣ ማለትም ከዘጠኝ አንድ እጅ ብቻ ይተርፋል። ልብሱ ሳይጨመቅ ከሆነ ግን 9 ሊትር የሳሙና ውሃ ተሸክሞ ወደ 6 ሊትሩ ይገባል፤ ከመጀመሪያው ማለቅለቅ በኋላ ከአምስት ሦስት እጅ፣ ከሁለተኛውም በኋላ ከሲሶ በላይ ሳሙና በልብሱ ላይ ይቀራል። ያው ውሃ ነው፣ ያው ልብስ ነው፤ ልዩነቱ የክንድ ኃይል ብቻ ነው። ሌላም ነገር አለ፦ ያንኑ 12 ሊትር ለሁለት ከፍላችሁ ከማለቅለቅ ይልቅ በአንድ ጊዜ ብታፈስሱት፣ ጨምቃችሁም ቢሆን ከአምስት አንድ እጅ ሳሙና ይቀራል። በላውንደሪ ለአዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት የማስተምረው ይህንን ነው፤ ውሃ በብዛት ሳይሆን በየተራ ይሰጠዋል።

ስለዚህ ለእናንተ የማወጣው ሥርዓት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለሦስት ኪሎ ልብስ ነው፤ 8 ሊትሩ ለመዘፍዘፍና ለማሸት፣ ሁለት ጊዜ 6 ሊትር ለማለቅለቅ። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ስለሆነ አይደፋም፤ ለሚቀጥለው ዙር መዘፍዘፊያ ይሆናል፣ በዚህም ሁለተኛው ዙር ከ14 ሊትር ባልበለጠ አዲስ ውሃ ያልቃል። ነጩንና የልጁን ልብስ አስቀድሙ፤ ጥቁሩና የሥራ ልብሱ በዚያው ውሃ ይከተል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይህን ብታደርጉ ለሦስት ሰው ይበቃል። የተጠራቀመ ልብስ አንድ ቀን ሙሉ ከማጠብም እንዲህ ከፋፍሎ ማጠብ ለማድረቂያ ቦታም ይበጃል።

ስለ ሳሙናው መጠን ሳልናገር ብቀር ግን ይህ ሁሉ ስሌት ይፈርሳል። ኦሞ የሚያፈስ ሰው እጁ ለጋስ ነው፤ አረፋው ካልገነፈለ የነጻ አይመስለውም። ለ8 ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ሳሙና በቂ ነው። ከዚያ በላይ ያለው እድፉን አያወጣም፤ በልብሱ ውስጥ ተጣብቆ ይቀርና ሲደርቅ ያደነድነዋል፣ የልጅ ቆዳ ያሳክካል፣ በአዋራ መንገድም አቧራ ይሰበስባል። የኮሌታና የብብት እድፍ ሲኖር ዱቄቱን ከመጨመር ይልቅ ያንን ቦታ ብቻ አስቀድማችሁ አርሳችሁ በአጃክስ ሳሙና እሹትና ሩብ ሰዓት ያህል አቆዩት። ውሃውን ማሞቅ ከፈለጋችሁ ጋዝ አታባክኑ፤ ጥቁር ጀሪካን ከጠዋት ጀምሮ ጣሪያው ላይ ብታስሩ እኩለ ቀን ላይ ለብ ብሎ ታገኙታላችሁ፣ ዱቄቱ ውስጥ ያሉት እድፍ የሚያላቅቁ ኤንዛይሞችም በጣም የሚሠሩት ለብ ባለ ውሃ ነው።

አሁን ወንድሜ ያስተማረኝን ላምጣ። ከሾፌር ወንበር በስተኋላ 30 ሊትር የሚይዝ፣ አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ በብረት ቀለበት የሚጠብቅ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ቀጥ ብሎ ታስሯል። ከሐዋሳ ገና ጎህ ሲቀድ ስንወጣ ቱታውንና ሸሚዞቹን ከተተበት፣ ውሃና ሳሙና ጨመረበት፣ ቀለበቱን ቆልፎ መኪናውን አስነሣ። ዲላን አልፈን ቡሌ ሆራ ደርሰን ሲከፍተው ውሃው እንደ ጠላ ጠቁሮ ነበር። ሸሚዙን አወጣሁና ኮሌታውን በሁለት አውራ ጣቴ መካከል ዘርግቼ አየሁት፤ በእጅ ሲታሽ ብዙ የሚያለፋው ጥቁሩ መስመር ከክሩ ውስጥ ወጥቶ ነጭ ሆኗል። ማንም አልነካውም። የመንገዱ መንገጫገጭ ልብሱን ሲያነሣና ሲጥል ሰዓታት ስለዋለ፣ የማሽን ከበሮ የሚሠራውን ሠርቷል። እናንተ መንገድ ላይ የምትውሉበት ቀን ብዙ ነውና ይህን ሥራ ለመንገዱ ስጡት።

በርሜሉን ከኋላ ጎማ በላይ ወይም ከዚያ በስተኋላ እሰሩት፤ መኪና በጣም የሚነጥረው እዚያ ነው። 3 ኪሎ ልብስና 8 ሊትር ውሃ ከገባ በኋላ ግማሹ ያህል ባዶ መቅረት አለበት፤ ሞልቶ ከታጨቀ ልብሱ አይገላበጥም። የታሰረበት ገመድ የዕቃ መጫኛ ቀበቶ ይሁን፤ ይህ ክብደት በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ልጅ ወደተቀመጠበት ቢወረወር አደጋው ከባድ ነው። ዚፕ ይዘጋ፣ ኪስ ይፈተሽ። ልብሱንም ከጥቂት ሰዓት በላይ፣ በተለይም ሌሊቱን በሙቀት፣ በርሜሉ ውስጥ አትተዉት፤ ቀለም ይለቅቃል፣ ይሸትታልም። በርሜሉን ስትገዙ ቀድሞ ምን እንደያዘ ጠይቁ። የምግብ ዘይት ወይም ጭማቂ የነበረበት ይሁን፤ የፀረ ተባይ ወይም የኬሚካል ዕቃ ታጥቦም ቢሆን ለልጅ ልብስ አይሆንም።

ውሃው በየአገሩ አንድ ዓይነት አይደለም። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ሶዳነት አለው፤ ሳሙናው ቶሎ ያረፋል፣ ልብሱም እጅ ላይ ይሙለጨለጫል፣ ለቅልቀን ለቅልቀን አልለቅቅ አለን ያሰኛል። እንዲህ ያለ ውሃ ሲገጥማችሁ ሳሙናውን በግማሽ ቀንሱ። በኖራ ድንጋይ አገር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ድሬዳዋ የኖረ ሰው በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። እንዲህ ያለው ውሃ ከደረቅ ሳሙና ጋር ሲገናኝ አረፋ ከመስጠት ይልቅ ግራጫ ዝቃጭ ይሠራና ነጭ ልብስን ያደበዝዛል፤ እዚያ ደረቁን ሳሙና ትታችሁ ዱቄቱን ተጠቀሙ። መለየቱ ቀላል ነው። በግማሽ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ላይ ትንሽ የሳሙና ፍቅፋቂ ጨምራችሁ ናጡት፤ አረፋው ወፍሮ ከቆመ ለስላሳ ነው፣ ውሃው ወተት መስሎ አረፋው ከጠፋ ኖራ የበዛበት ከባድ ውሃ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ከእጥበት ትንሽ የወጣ፣ ግን ለልጃችሁ ስል የማላልፈው ነገር ልናገር። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን ከዚያ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ለልብስ ምንም አያደርግም። ጥርሱ ገና በሚሠራ ልጅ ላይ ግን የማይለቅ ቡናማ ቀለም ያመጣል። ስለዚህ የመጠጡ ውሃ ለብቻው በተለየ ጀሪካን ይሁን፤ ከሮቶው አይቀዳ።

ስለ ሐይቅ። አሞራ ገደል አካባቢ ስትዘዋወሩ ሰዎች ከሐይቁ ዳር ሲያጥቡ አይታችሁ ይሆናል፤ እናንተም በሐዋሳ፣ በዝዋይ፣ በአባያና በጫሞ ዳር መኪና አቁማችሁ ሳፋ ይዛችሁ ለመውረድ ትፈተናላችሁ። እባካችሁ አታድርጉት። የቢልሃርዚያ ትል በሣር በተሸፈነ የሐይቅ ዳር ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ትሉ በሐዋሳም በዝዋይም ሐይቅ ውስጥ ይገኛል። እስከ ጉልበት ውሃ ውስጥ ገብቶ ግማሽ ቀን የሚያጥብ ሰው፣ አጠገቡም የሚንቦጫረቅ ልጅ፣ ለትሉ የተመቹ ናቸው። በጫሞ ዳር ደግሞ አዞ አለ፤ «የአዞ ገበያ» የተባለው ስፍራ በከንቱ አልተሰየመም። የሐይቅ ውሃ መጠቀም ግድ ከሆነባችሁ በባልዲ ቀድታችሁ ቀንድ አውጣና ሣር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ አስቀምጡት፤ ትሉ ያለ ሰው አካል ከዚያ በላይ አይቆይም። ሲቀዳም ቦት ጫማ ይደረግ።

እድፋሙን ውሃም ወደ ሐይቅ አትድፉ። የሐዋሳ ሐይቅ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ የገባው ሳሙና ሁሉ እዚያው ይቀራል። ከውሃ ዳር ቢያንስ አንድ መቶ እርምጃ ርቃችሁ፣ አንድ ቦታ ሳታከማቹ፣ በደረቅ አፈር ላይ በትኑት። እዚህ ላይ አንዳንዶች «እንግዲያው እንደ አያቶቻችን በእንዶድ እንጠብ፣ ተፈጥሯዊ ነው» ይላሉ። እንዶድ እውነትም ጥሩ ሳሙና ነው፤ የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ ሲመታ አረፋው ያምራል፣ ሸማንም አይጎዳም። ነገር ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያስተዋለውን እናስታውስ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይገኙ ነበር። ይህ ግኝት ለበሽታው መከላከያ ትልቅ ተስፋ ሆኖ፣ እርሱና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. በዓለም የታወቀ ሽልማት አግኝተውበታል። ያው አረፋ ግን ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ የእንዶዱም ውሃ ቢሆን በአፈር ላይ ይደፋ።

አሁን ወደ ማስጣቱ ልምጣ፤ በስምንት ወሩ ውስጥ በጣም የሚያስቸግራችሁ ይህ ነውና። በምትሄዱበት አገር ውሃ ባለበት ፀሐይ ይጠፋል፣ ፀሐይ ባለበት ውሃ ይጠፋል። ከኅዳር እስከ የካቲት በሐዋሳና በአርባ ምንጭ ዙሪያ ፀሐዩ ጥሩ ነው፤ ከተማ ውስጥም ውሃ ይገኛል። ትልልቁን እጥበት ያን ጊዜ ጨርሱ። ቦረና ላይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሸሚዝ በአንድ ሰዓት ይደርቃል፤ ግን የበጋው ወራት ስለሆነ ሰውና ከብት የሚኖሩት ኤላ በሚባለው ጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ነው። አንድ ቀን ኤላ ዳር ቆሜ አይቻለሁ፤ ወጣቶች ከጥልቁ ጉድጓድ ውስጥ አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው፣ ባልዲውን በዜማ እየተቀባበሉ ወደ ላይ ያወጡታል፣ ከብቱም በተራው ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ውሃ ለሸሚዝ አይለመንም። ያቤሎ ከተማ ሮቶውን ሙሉና ገጠር ስትገቡ በሁለት ጀሪካን ሳምንቱን አሳልፉ፤ የውስጥ ልብስና የልጅ ልብስ ብቻ እጠቡ፣ ሌላውን አናፍሱት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ደግሞ ቦረና ዝናብ ነው፤ ያኔ ውሃ አለ፣ ማድረቂያ የለም። ስለዚህ መንገዱን ገና ካልወሰናችሁ ቦረናን ወደ ጥርና የካቲት አምጡት።

በዝናብ ጊዜ መኪና ውስጥ የሚሰጣ ልብስ የያዘው ውሃ በሙሉ ወደ መኪናው አየር ይገባል። ተጨምቆ የተሰጣ ሦስት ኪሎ ልብስ ሦስት ሊትር ውሃ ማለት ነው፤ መስኮት ተዘግቶ ካደረ መስታወቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፍራሹ ውስጥ ሰርጎ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሻጋታ ያበቅላል። መጭመቂያው ከማጠቢያው ይበልጣል ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው። መጭመቂያ ከሌላችሁ የተጠመዘዘውን ልብስ በደረቅ ትልቅ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ አብራችሁ ጠቅልሉና በእግራችሁ ቁሙበት፤ ፎጣው የሚጠጣው ውሃ ያስገርማችኋል፣ ፎጣውም ብቻውን ቶሎ ይደርቃል። ገመዱን ከሹፌሩ በስተኋላ እስከ ኋላ በር በቁመት ዘርጉ፤ ፊትና ኋላ ያሉ አንዳንድ መስኮቶች አራት ጣት ያህል ከፈት ይበሉ፣ ነፋሱ በልብሱ መሃል አልፎ እንዲወጣ። ሁለት ቀጭን ገመዶችን አብራችሁ ብትገምዱ ጫፉን በመካከላቸው ሰክታችሁ ያለ መቆንጠጫ ማስጣት ይቻላል፤ መኪና ሲነቃነቅም አይወድቅም።

እርጥበቱ ያልለቀቀ ልብስ አጣጥፎ ማስቀመጥን በተመለከተ የራሴን ላውጋ። አንድ ጊዜ ከአርባ ምንጭ ስንመለስ «ቤት ስደርስ አሰጣዋለሁ» ብዬ ሦስት ነጭ ልብስ በፌስታል ቋጥሬ ከዕቃ በታች አስቀመጥኩ። መንገዱ ላይ አደርን። በሦስተኛው ቀን ስከፍተው እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቁ ጥቁር ነጠብጣቦች ከኮሌታ እስከ ጫፍ ተዘርተውበት ነበር፤ ሁለቱን በበረኪና አደበዘዝኳቸው እንጂ አላጠፋኋቸውም፣ ሦስተኛው መወልወያ ሆነ። ልብሱ ሳይደርቅ መሄድ ካለባችሁ በፌስታል ሳይሆን በመረብ ከረጢት ከጣሪያ ላይ ይንጠልጠል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የልብስ ምርጫ ነው። ጂንስ አንድ ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈልጋልና። ጋቢ ይዛችሁ ለመሄድ እንደምታስቡ እገምታለሁ፤ ሌሊቱን ለማሞቅ የሚተካከለው የለም፣ ነገር ግን አራት እጥፍ የእጅ ፈትል ጥጥ ሲርስ ለማንሣት እጅግ ይከብዳል፣ አድርቆ ለመጨረስም የሐዋሳ የጥር ፀሐይ እንኳ ቀኑን ሙሉ ያስፈልገዋል። አንድ ጋቢ ለክብር ያዙ፣ ለዕለት መኝታ ግን ቀላል ብርድ ልብስ ይሁን። ጋቢና አንሶላ ከተማ ስትደርሱ ለልብስ አጣቢ ወይም ለላውንደሪ ስጡ፤ ዋጋውን በቁጥር ሳይሆን በጠቅላላ ተነጋገሩ፣ ጥለት ያለውንም በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ እንዲያጥቡት ንገሩ። ጨው ቀለም ያጸናል የሚለውን ብዙ እናቶች ያምኑበታል፤ በእኔ ልምድ የሚለቅ ጥለት በጨውም ይለቅቃል።

ስለ እድፍ ሁሉን መዘርዘር አይቻልም፤ በመንገዳችሁ የሚገጥሙአችሁን ብቻ ላንሣ። የዲላና የሲዳማ ቀይ ጭቃ ሲርስ ከተነካ ክሩ ውስጥ ይገባል፤ ይድረቅ፣ በብሩሽ ይራገፍ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ። ቀለሙ ከብረት ዝገት የመጣ ስለሆነ በረኪና አያስለቅቀውም። የወጥ ዘይት ውሃ ሳይነካው በደረቁ ጥቂት ላርጎ ተቀብቶ ይታሽ። በአርባ ምንጭ ልጃችሁ ሙዝ እየላጠ ሲበላ ደረቱን አስተውሉ፤ የሙዝ ግንድና ልጣጭ ፈሳሽ በመጀመሪያ ውሃ ይመስላል፣ ከሰዓታት በኋላ ግን ጠቁሮ ይቀራል፣ ከጠቆረ በኋላም እኔ የማውቀው ማስለቀቂያ የለም። ወዲያው በብዙ ውሃ ይለቅለቅ፤ ውሃ እንዲባክን የምፈቅድበት አንዱ ቦታ ይህ ነው።

ለልጁ የጨርቅ ዳይፐር የምትጠቀሙ ከሆነ ክዳን ያለው የተለየ ባልዲ ይኑረው። ሰገራው አስቀድሞ ተራግፎ ይቀበር፤ ጨርቁ በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ሳሙናው ይግባ። በረኪናን ሽንት ያለበት ጨርቅ ላይ በቀጥታ አታፍስሱ፤ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ተዋሕዶ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል፣ በጠባብ መኪና ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋርም እንዲሁ አይገናኝ። በረኪናው በሙቀት ኃይሉን ስለሚያጣ ትንሽ ጠርሙስ ግዙ፣ ጥላ ውስጥም አስቀምጡት። መቀቀል ካማራችሁ ይቀቀል፤ በሐዋሳ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ አሥር ደቂቃ ያህል ይንፈቅፈቅ።

ካውያ አያስፈልገንም ትሉ ይሆናል። ለመልክ ከሆነ እውነት ነው። ነገር ግን እርጥበታማ በሆነ ሞቃት ቆላ፣ በጥላ ወይም በሣር ላይ በተሰጣ እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላሏን የምትጥል ዝንብ አለች፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ከቆዳ ሥር ገብቶ እንደ እባጭ ያብጣል። ሁልጊዜ በፀሐይና በገመድ ላይ አስጡ፣ የልጁን የውስጥ ልብስና የአንሶላውን ስፌት ደግሞ በሁለቱም በኩል ተኩሱ። ለዚህ የድሮው የከሰል ካውያ ከማንኛውም ኢንቨርተር ይበልጣል። ከሰሉ ግን ውጭ ይቀጣጠል፣ ውጭም ይተኮስ። የጋመ ከሰል በተዘጋ መኪና ውስጥ ሽታ በሌለው ጋዝ ቤተሰብ ይገድላል፤ ዝናብ ቢሆንም፣ ብርድ ቢሆንም፣ ለአምስት ደቂቃ እንኳ አይግባ።

ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ዐርብ ማታ የቤቱን ቧንቧ ዝጉና እስከ እሑድ ማታ መኪናው ውስጥ ኑሩ፤ ከተለየው የመጠጥ ጀሪካን ጠጡ፣ በሮቶው ብቻ አብስሉ፣ ልጁን እጠቡ፣ አንድ ሦስት ኪሎ ልብስም በዚህ በጻፍኩት ሥርዓት እጠቡ። እሑድ ማታ በሮቶው ውስጥ ረጅም ዘንግ ሰድዳችሁ የቀረውን ለኩ። ከ100 ሊትር በታች ከሆነ ከልብሱ ይልቅ የሳህኑንና የገላውን ውሃ መልሳችሁ ተመልከቱ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሮቶው ይበቃችኋል።